የቁጠባው ኮሚቴና የደረጃው አምፖል

የኅብረት ሕንጻ ባለሱቆች ማኅበር
የሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ጁላይ 20 ቀን 2025።

ቦታ፦ ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ፣ ኅብረት ሕንጻ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የአቶ ሻፊ የብርድ ልብስ መጋዘን።

ሰዓት፦ ስብሰባው ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተጀመረ። የዘገየው ተሰብሳቢዎቹ መብራት በሌለው ደረጃ ግድግዳ እየዳበሱ ስለወጡ ነው።

የተገኙ፦

ሀጂ አብዱልሀፊዝ፣ ሰብሳቢ፤ የምድር ቤቱ የሸቀጥ ጅምላ አከፋፋይ።

አቶ ሻፊ፣ ምክትል ሰብሳቢ፤ ብርድ ልብስ አስመጪ።

አቶ ሀይለየሱስ፣ የሕግ ጉዳይ ተጠሪ፤ የሞባይል ቻርጀርና ሽፋን ነጋዴ። ሕግ የት እንደተማሩ ማኅበሩ ጠይቆ አያውቅም።

ወይዘሮ ስንዱ፣ አባል፤ የምድር ቤቱ ምግብ ቤት ባለቤት። ቀኝ እጃቸው በጀሶ ታስሯል።

ታምሩ፣ ጸሐፊ፤ ይህን የሚጽፈው።

በስልክ ድምፅ የተገኙ፦ አቶ ካሚል፣ ሒሳብ ሹም፤ ጻካኔ ካለው ሱቃቸው።

በእንግድነት፦ ወይዘሪት ራሄል፣ የግብር አማካሪ።

በአመልካችነት፦ ወይዘሮ ሙርሺዳ፣ የሦስተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ። የኮሚቴ አባል ስላልሆኑ የመወሰን መብት የላቸውም። መቀመጫም አልነበራቸውም።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ የኮሚቴው አባላት ዘጠኝ ናቸው፤ በደንቡ መሠረት ስድስት ሰው ካልተገኘ ስብሰባ የለም። ጸሐፊው አምስት ሰው ብቻ እንዳለ አስታወቀ። ሀጂ አብዱልሀፊዝ ያን ሁሉ ደረጃ በጨለማ ወጥተው ባዶ እጃቸውን እንደማይወርዱ ገለጹ። አቶ ሻፊ በዚህ ጊዜ ስልካቸውን አውጥተው ከአቶ ካሚል የመጣውን የድምፅ መልእክት አሰሙ። መልእክቱ «አሰላሙ አለይኩም፣ ደንበኛ በዝቶብኛል፣ አልመጣም፣ እናንተው ተነጋገሩ» የሚል ነበር። አቶ ሀይለየሱስ በሕግ ዓይን ሲታይ ሰላምታ የሰጠ ሰው እንደተገኘ ይቆጠራል ብለው አስረዱ። ስለዚህ ስልኩ ስድስተኛ አባል ሆኖ በአንድ የብርድ ልብስ ጥቅል ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ያ ጥቅል ለመቀመጫ ከወጡት የመጨረሻው ስለነበር ወይዘሮ ሙርሺዳ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ተራ ቁጥር 1፤ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አነበበ። በዚያ ስብሰባ ወይዘሮ ሙርሺዳ በገዛ አምፖላቸው የደረጃውን ጨለማ ማብራታቸው ታውቆ፣ ድርጊቱ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ የተፈጸመ በመሆኑ አምፖሉ እንዲወርድ፣ በጸሐፊው እጅ በአደራ እንዲቀመጥ፣ ለወደፊቱም ማንም ሰው በማኅበሩ ደረጃ ላይ አምፖል እንዳይሰቅል ተወስኖ ነበር። አምፖሉ በወረደ በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ ስንዱ ለሦስተኛ ፎቅ ምሳ ይዘው ሲወጡ ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል። ይህ ግን ከስብሰባው በኋላ የሆነ ስለሆነ በቃለ ጉባኤው ውስጥ የለም።

ወይዘሮ ስንዱ ማጽደቅ ማለት መስማማት ማለት እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ሀይለየሱስ ማጽደቅ ነገሩ ሆኗል ብሎ ማመን ብቻ ነው ብለው መለሱ። ወይዘሮ ስንዱ «መሆኑማ ሆኗል፣ ይኸው» ብለው ጀሷቸውን አሳዩና፣ ቀኙ አልነሣ ስላላቸው በግራ እጃቸው ድጋፋቸውን ሰጡ። ስልኩ ዝም ስላለ እንደተስማማ ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ተራ ቁጥር 2፤ ኃይል ቆጣቢ ሕንጻ ስለሚያገኘው የግብር ቅናሽ

ሀጂ አብዱልሀፊዝ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከሌላ ሕንጻ ባለቤት የሰሙትን አወሩ። መብራት ለሚቆጥብ የንግድ ሕንጻ መንግሥት ግብር ይቀንሳል፤ የዚያ ሰውዬ ሕንጻ ከእኛ ያነሰ ነው፣ ሰውየውም ከእኛ የባሰ ነው፤ ታዲያ እኛ ምን ጎደለን ሲሉ ጠየቁ። ጉዳዩ በዚህ ምክንያት አስቸኳይ መሆኑ ታመነበት።

ወይዘሪት ራሄል ላፕቶፓቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንዲህ አስረዱ፦ «ጋይስ፣ ነገሩ ሲምፕል ነው። ሕንጻው በፊት ምን ያህል መብራት ይበላ ነበር? አሁንስ? አንድ ፈቃድ ያለው መርማሪ መጥቶ ይለካል። የቀነሳችሁት ኃይል ይሰላና ግብር ከሚታሰብበት ትርፋችሁ ላይ ይነሣላችኋል። ዛትስ ኢት።»

አቶ ሀይለየሱስ ማኅበሩ በዚህ ረገድ የረጅም ጊዜ ባለታሪክ መሆኑን ገለጹ። መብራት በፈረቃ ይጠፋ በነበረበት በሎድሼዲንግ ዘመን ሕንጻው በየቀኑ ለሰዓታት በጨለማ መቀመጡን አስታውሰው፣ ያ ቁጠባ ካልሆነ ቁጠባ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም አሉ። ወይዘሪት ራሄል ያን ጊዜ የጨለመው አገሩ በሙሉ እንደነበር ተናገሩ። አቶ ሀይለየሱስም አገሩ መብቱን አለመጠየቁ የአገሩ ስንፍና ነው፣ እኛ እንጠይቃለን ሲሉ መለሱ። ከብዙ ውይይት በኋላ ያለፈው ጨለማ በማኅበሩ መዋጮነት እንዲመዘገብ ተወሰነ።

አቶ ሻፊ በበኩላቸው ሙቀት የሚይዝ ሕንጻ ሂተር እንደማይፈልግ ካብራሩ በኋላ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በወፍራም ብርድ ልብስ እንዲሸፈን ሐሳብ አቀረቡ። ብርድ ልብሱ ከየት ይገዛል ተብለው ሲጠየቁ፣ እዚሁ አካባቢ ጥሩ ጥሩ ማየታቸውን፣ ነብር የተሳለበት ቢሆን ደግሞ ለሕንጻው ግርማ እንደሚሰጥ ተናገሩ። ይህን ሲናገሩ ካለፈው ክረምት ሳይሸጥ በቀረ ባለነብር ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወይዘሪት ራሄል «ሀይቦ! እሳት ቢነሣስ?» ብለው ጮኹ። አቶ ሻፊ እንግዲያው አርጥበን እንስቀለው አሉ። የአቶ ሻፊን ብርድ ልብስ ጥራት የሚያጠና፣ በአቶ ሻፊ የሚመራ ንኡስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ።

ቀጥሎ ወይዘሪት ራሄል የሕንጻውን የመብራት ቆጣሪ ንባብ ለማየት ጠየቁ።

ሀጂ አብዱልሀፊዝ መቁጠሪያቸውን አወጡ፣ አቶ ሻፊ የነብሩን ጢም ዳሰሱ። ጸሐፊው ለማያውቅ አንባቢ ሲባል እንዲህ ይመዘግባል፦ ማኅበሩ ሕንጻውን ሲገዛ ከቆጣሪው ጀርባ ዞሮ የሚያልፍ አንድ ወፍራም ሽቦ አብሮ ገዝቷል። የቀድሞው ባለቤት ነው የተከለው። በኮሚቴው ዘንድ «ውርሱ» ይባላል፤ በስሙ የሚጠራው የለም። አራቱም ፎቅ የሚበራው በውርሱ ነው። ቆጣሪው የሚያውቀው የበሩን ደወል ብቻ ነው።

ወይዘሪት ራሄል ንባቡን በመጨረሻ ሲያዩ ሁለት ጊዜ ዓይናቸውን አሹ። «ይኼ ሕንጻ ከአንድ የሰፈር ስፓዛ ሱቅ ፍሪጅ ያነሰ ይበላል» አሉ። «በወረቀት ከሆነ በጆበርግ እንደናንተ የሚቆጥብ የለም። ከዚህ ወዲያ ምን ልትቀንሱ ነው?»

አቶ ሻፊ አንደኛ ከወጣን ሽልማቱ የታለ ብለው ጠየቁ። ቅናሹ የሚሰጠው ትንሽ ለበላ ሳይሆን ከበፊቱ ለቀነሰ መሆኑ፣ ሊለካ የሚመጣው መርማሪም ሽቦውን ተከትሎ መሄድ ሥራው መሆኑ በድጋሚ ተነገራቸው። ወይዘሮ ስንዱ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲሉ ተደመጡ። አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለ።

ተራ ቁጥር 3፤ ፍጆታን ለመቀነስ ፍጆታን ስለመጨመር

አቶ ሀይለየሱስ መፍትሔ አገኘሁ ብለው ተነሡ። ከበፊቱ ለመቀነስ በፊት ብዙ መብላት ያስፈልጋል። ስለዚህ ውርሱ ተቆርጦ ሕንጻው በሙሉ ወደ ቆጣሪው ይግባ፤ ለአንድ ዓመት ሙሉ ሂተሩ፣ ምድጃው፣ መብራቱ ሌት ተቀን ይለቀቅ፤ ሂተሩ ይበልጥ እንዲደክም መስኮቱ ይከፈት። በሁለተኛው ዓመት ሁሉም ይጥፋ። በመካከሉ ያለው ልዩነት ቁጠባ ይባላል።

ሀጂ አብዱልሀፊዝ ይህ ብክነት ነው፣ ብክነት ደግሞ በሃይማኖታችን ነውር ነው በማለት ሥጋታቸውን ገለጹ። አቶ ሀይለየሱስ፣ ክርስቲያን ሆነው ሳለ፣ «ሀጂ፣ ነገር ሁሉ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ነው አይደል የምትሉት? የኛ ኒያ ቁጠባ ነው» ብለው አጽናኗቸው። ሀጂም ልባቸው ረጋ። ጸሐፊው በዚህ ስብሰባ ከሰማው ነገር ሁሉ ይህ እጅግ እንዳስደነቀው፣ ካስደነቀውም ይልቅ እንዳስጠላው በትሕትና ያስታውሳል።

ከብዙ ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ ሕንጻው ለመቆጠብ ሲባል ለአንድ ዓመት ያባክናል። ሆኖም ብክነቱ በሥርዓት እንዲሆን፣ የማባከኛው ዓመት በይፋ እስኪጀመር ድረስ ማንም ሰው አዲስ አምፖል አይሰቅልም።

ተራ ቁጥር 4፤ ልዩ ልዩ

ወይዘሮ ሙርሺዳ ከስብሰባው መጀመሪያ አንሥቶ ቆመው ስለነበር እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው፤ በአጭሩ እንዲሆንም ተነገራቸው። የተናገሩት እንዳለ ይኸውና፦

«ሀጂ፣ ብዙ ነገር አልጠየቅሁም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የማትሪክ ዳንስ ጊዜ ደርሷል። ልጆቹ ቀሚስ ሊለኩ ከነእናቶቻቸው ከጀርሚስተን፣ ከጻካኔ ድረስ በታክሲ ይመጣሉ። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ጨለማ ነው። እናትየዋ የልጇን እጅ ትይዝና ትመለሳለች። እኔ ከላይ ሆኜ ‹ሲሲ፣ ነይ፣ እዚህ ነኝ› እያልኩ እጣራለሁ፤ ማን ይመጣል? ወላሂ እኔም ብሆን አልመጣም። ዓመቱን የሚያኖረኝ ይህ ወቅት ነው። በዚህ ወር ካልሆነ ማሽኔን በባኪ መኪና ጭኜ እወጣለሁ። አንድ አምፖል ነው። እሱም የኔው ነው።»

ሀጂ አብዱልሀፊዝ «እህቴ ሙርሺዳ፣ ሰብር አድርጊ፣ እኛም እኮ ስላንቺ ነው የምንደክመው» አሉ። አቶ ሀይለየሱስ ስለ ቁጠባ በተሰበሰብንበት ቀን አምፖል መጠየቅ ስብሰባውን መናቅ ነው ሲሉ ተቃወሙ። ወይዘሪት ራሄል እንዲህ ዓይነቱ አምፖል ምንም የማይበላ ኃይል ቆጣቢ መሆኑን፣ የዛሬው ሁሉ ወሬ ስለዚህ ዓይነት አምፖል መሆኑን ተናገሩ። አቶ ሀይለየሱስም ምንም ካልበላ ለማባከኛው ዓመት አይጠቅመንም ብለው በድጋሚ ተቃወሙ። አምፖሉ ለቁጠባው በዝቶ፣ ለብክነቱ አንሶ ተገኘ።

ወይዘሮ ስንዱ በደህናው እጃቸው የብርድ ልብሱን ጥቅል መቱ፤ ስልኩ ከመቀመጫው ወደቀ። «እኔ ያቺ አምፖል ስትነሣ ነው የወደቅሁት! የሚቀጥለው ሰው አንገቱ እስኪሰበር ነው የምትጠብቁት?» አሉ። ሥርዓት እንዲይዙ ተነገራቸው። ስልኩ ተነሥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አምፖልም ብርድ ልብስም የሕንጻውን ምቾት የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ የአምፖሉ ጥያቄ ወደ ብርድ ልብሱ ንኡስ ኮሚቴ እንዲመራና መልሱ በማባከኛው ዓመት መጨረሻ እንዲሰጥ ተወሰነ። ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ተናዷል። ንዴቱ አጀንዳ ስላልተያዘለት ዝርዝሩ አልተመዘገበም።

ወይዘሪት ራሄል ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ እንዳላቸው ተናገሩ። «ሶሪ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። ማኅበራችሁ ትርፉ ስንት ነው?»

ሀጂ አብዱልሀፊዝ «አልሐምዱሊላህ፣ ከተመሠረተ ጀምሮ አትርፎ አያውቅም» ብለው በኩራት መለሱ። «በየዓመቱ እንዲህ ብለን ነው የምናስታውቀው።»

«ታዲያ ከምን ላይ ነው የሚቀነሰው?»

ወይዘሮ ስንዱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ፤ ይህኛው በአጀንዳው ውስጥ ነው ተባለ። አቶ ሀይለየሱስ ማኅበሩ ለሚቀጥለው ዓመት ትንሽ ትርፍ፣ ለመቀነሻ የሚበቃ ያህል ብቻ እንዲያሳይ ሐሳብ አቀረቡ። ማኅበሩ ከተመሠረተ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያተርፍ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። ወይዘሪት ራሄል ላፕቶፓቸውን ዘግተው «ሻርፕ» ብለው ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ አካባቢ ሲደናቀፉ ተሰማ። የተናገሩት ቃል ለቃለ ጉባኤ የሚመች አይደለም።

ተራ ቁጥር 5፤ የስድስተኛው አባል አስተያየት

ስልኩ አባል በመሆኑ ውሳኔዎቹ እንዲደርሱት ታዘዘ፤ ጸሐፊውም ለአቶ ካሚል ጽፎ ላከ። ብዙ ሳይቆይ የድምፅ መልእክት መጣ። አቶ ሻፊ ድምፁን ከፍ አድርገው ከፈቱት።

«ያ ጀመዓ! ምን ነክቷችኋል? ውርሱን ማንም እንዳይነካ! መርማሪ በገዛ እጁ ቤቱ የሚጠራ ሰው የት ታይቷል? ደግሞ አተረፍን ብላችሁ ልትጽፉ? ስሜን እንዳታነሡ። እኔ ስብሰባ ላይ አልነበርኩም። ጻካኔ ነኝ፣ ዱቄት እየሸጥኩ ነው!»

መልእክቱ በድጋሚ ተደመጠ። አቶ ሀይለየሱስ በሕግ ዓይን ሲታይ አልነበርኩም ያለ ሰው አልነበረም ብለው ወሰኑ። ስልኩ ከመቀመጫው ተነሣ። ወይዘሮ ሙርሺዳ በቦታው ተቀመጡ።

አምስት ሰው ስብሰባ ስለማይሆን፣ ከብዙ ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ ከተራ ቁጥር አንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። የሁሉም ፊት ፈካ፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ የተስማሙበት ነገር አልነበረም።

ጸሐፊው ከአንድ ጀምሮ መሆኑን ጠየቀ። ሀጂ አብዱልሀፊዝ ከአንድ ጀምሮ ነው አሉ። ጸሐፊው ደግሞ ጠየቀ። ሀጂም «ከነሥሩ ንቀለው ልጄ፣ እንዳይተርፍ» አሉ።

ጸሐፊው በዚህ መሠረት እንዲህ አስታወቀ፦ ተራ ቁጥር አንድ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ነበር። ማጽደቁ ከተነሣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ አልጸደቀም። ካልጸደቀ አምፖሉ የወረደበት ውሳኔ፣ ማንም እንዳይሰቅል የተባለውም ክልከላ ዋጋ የላቸውም። በተራ ቁጥር ሦስት የተደገመው ክልከላም አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ጸሐፊው ያለ ውሳኔ የሰው ንብረት በቦርሳው ይዞ ይዞራል ማለት ነው፤ ይህንንም ከዛሬ በኋላ አያደርግም። አምፖሉን ከቦርሳው አውጥቶ ለወይዘሮ ሙርሺዳ ሰጠ።

አቶ ሀይለየሱስ የሥነ ሥርዓት ተቃውሞ አለኝ ብለው ተነሡ። ጸሐፊው ስብሰባ ስለሌለ ሥነ ሥርዓትም እንደሌለ፣ እሳቸውም በአሁኑ ሰዓት በሰው መጋዘን ውስጥ ቆሞ የሚጮህ የቻርጀር ነጋዴ ብቻ መሆናቸውን አስረዳ። ይህን በማለቱ ጸሐፊው አልተጸጸተም።

የማኅበሩ መሰላል በሰንሰለት የታሰረ ስለሆነ ሁለት ጥቅል ባለነብር ብርድ ልብስ ወደ ደረጃው ወረደ፤ ብርድ ልብሱ ለሕንጻው የሰጠው ብቸኛ አገልግሎት ይህ ነው። ወይዘሮ ስንዱ በግራ እጃቸው የስልክ መብራት ያዙ፣ አቶ ሻፊ ጥቅሉን ደገፉ፣ ወይዘሮ ሙርሺዳ በነብሩ ራስ ላይ ቆመው አምፖሉን አጠበቁ። በራ። ከቆጣሪው ይሁን ከውርሱ ማንም አልጠየቀም።

ግድግዳው ሰማያዊ ኖሯል። ከሦስተኛው ፎቅ በታች ያለው ደረጃ ጠርዙ ተሰብሮ ሄዷል፤ ወይዘሮ ስንዱ ቆመው ብዙ ጊዜ አዩት። ሀጂ አብዱልሀፊዝ ግድግዳ ሳይነኩ ወረዱና ከታች ሆነው «ለካ ይህን የመሰለ ሰፊ ደረጃ ነበረን!» ብለው ተጣሩ። ወይዘሮ ሙርሺዳ ከሕንጻው በር ወጥተው ለአንዲት ደንበኛቸው ነገ ልጅሽን ይዘሽ ነይ ብለው ሲደውሉ ተሰሙ።

ያልተደረገው ስብሰባ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ። ሰብሳቢው ስብሰባ አልነበረም በማለት ይህን ቃለ ጉባኤ አልፈረሙም። ጸሐፊው ግን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፈርሟል፤ መብራት ነበረና።

ታምሩ፣ ጸሐፊ